«ስምን መልአክ ያወጣዋል»፦ ፍርስራሽ የተባለው ምኩራብ

ደስታ የተባለችው ልጅ ሳቂታ ስትሆን፣ ታገሠ የተባለው ሰው ነገር አላፊ ሲሆን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን። እናት አባት ስም ሲያወጡ የልጁን ነገ አያውቁም፤ የሚያውቀው መልአክ ግን ስሙን በአፋቸው ያስቀምጣል ማለት ነው። ሐሳቡ ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ እንግዳ አይደለም። አጋር ገና ሳትወልድ የእስማኤልን ስም የነገራት መልአክ ነው፤ ለዘካርያስም ዮሐንስ የሚለውን ስም ያመጣለት ገብርኤል ነው።

አባባሉ ለክፉም ይነገራል፤ ለቤትም ይሆናል። በኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ፣ በአይሁድ ሰፈር መካከል ያለውን ምኩራብ ሁሉም «ሁርቫ» ይለዋል። በዕብራይስጥ ፍርስራሽ ማለት ነው።

ረቢ ይሁዳ ሐሲድ በ1700 እ.ኤ.አ. በመቶ የሚቆጠሩ ተከታዮቻቸውን ከአውሮፓ ይዘው ኢየሩሳሌም ገቡ፤ በቀናት ውስጥም አረፉ። ተከታዮቹ ተበድረው ምኩራብ ጀመሩ። ዕዳው ግን ሊከፈል አልቻለም፤ በ1721 አበዳሪዎች እሳት ለቀቁበት። አሽከናዝ የሚባሉት፣ ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት አይሁድ፣ ከከተማዋ ተባረሩ። ከዚያ በኋላ ተመልሶ የመጣ አሽከናዝ ባለዕዳ ተብሎ እንዳይያዝ እንደ ሴፋርዲ፣ ማለትም ዘሩ ከስፔን እንደሚመዘዝ አይሁዳዊ፣ ለብሶ ነበር የሚገባው። የልብሱ ነገር ከቃጠሎው ይልቅ ልቤን ይነካዋል። ቦታው ከመቶ ዓመት በላይ ባድማ ሆኖ «የረቢ ይሁዳ ሐሲድ ፍርስራሽ» ተባለ።

በ1864 የኦቶማን ሱልጣን አርክቴክት አሰድ ኤፈንዲ የነደፈው ምኩራብ በዚያው ቦታ ተመረቀ። ጉልላቱ ከመሬት 24 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ግርጌውን 12 መስኮቶች ይከቡታል፤ ክብደቱን አራት ታላላቅ ቅስቶች ይሸከሙታል። እኛ ልጅ ሞቶብን ሌላ ሲወለድ ምትኩ ወይም ካሳ እንላለን። አይሁዶቹም ለአዲሱ ቤት «ቤት ያዕቆብ» የሚል ስም ሰጡት። ሰው ግን አልተቀበለውም፤ ቆሞም ሁርቫ አሉት።

ስሙም ደረሰበት። በግንቦት 1948 በአረብና በእስራኤል ጦርነት የዮርዳኖስ ጦር ሰፈሩን ሲይዝ ምኩራቡን በፈንጂ አፈረሰው።

በ1967 እስራኤል አሮጌውን ከተማ ከያዘች በኋላ ታዋቂው አርክቴክት ሉዊስ ካን ፍጹም አዲስ ሕንፃ ነድፎ ነበር፤ ሳይሠራ ቀረ። በ1977 ከአራቱ ቅስቶች አንዱ ብቻ ተሠርቶ ባዶ ሰማይ ሥር ቆመ። ከስንት ክርክር በኋላ የ1864ቱ መልክ እንዲመለስ ተወሰነ። ናሁም ሜልጸር ነደፈው፤ ቅስቱም ከአዲሱ ሕንፃ ጋር ተዋሐደ። መጋቢት 2010 ተመረቀ። አዲስ ነገር መሥራት ይሻል ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የድሮውን ጉልላት መመለሳቸውን እወድላቸዋለሁ።

አባባሉን በሁርቫ ሳስበው፣ መልአኩ የሕዝቡ አፍ ይመስለኛል። በክብር የተሰጠው «ቤት ያዕቆብ» ሳይጠራ ቀርቶ፣ የሐዘኑ ስም ሦስት ቤቶችን ተሻገረ። ጉልላቱ ዛሬ ነጭ ሆኖ ከሩቅ እየታየ፣ የሰፈሩ ሰው ጠዋት ሊጸልይ ሲነሣ የሚሄደው ወደ «ፍርስራሹ» ነው።