አያ ጅቦ በመንታ መንገድ

አያ ጅቦ በመንታ መንገድ መወሰን ስላቃተው ጅብ የሚተረት የልጆች ተረት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ሕዝቦች በየመልኩ ያወሩታል።

የራበው ጅብ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ይደርሳል። ከግራም ከቀኝም የሥጋ ሽታ ይመጣል። ወደ ግራ ጥቂት ሄዶ የቀኙ ያስጎመጀዋል፤ ይመለሳል። አሁን ደግሞ የግራው እንዳያመልጠው ይሰጋል። በመጨረሻ ግራ እግሮቹን በአንዱ፣ ቀኝ እግሮቹን በሌላው መንገድ አድርጎ ይራመዳል። መንገዶቹ እየተራራቁ ሲሄዱ ለሁለት ይሰነጠቃል።

የተረቱ ጉልበት ምጸቱ ነው። ጅብ ጥንብን ከኪሎ ሜትሮች ርቀት ያሸታል። እዚህ ጉድ የሠራው ግን ያው አፍንጫ ነው። ደካማ ቢሆን ኖሮ አንዱን ብቻ አሽትቶ፣ በልቶ ይተኛ ነበር። በሌሎች ተረቶች አያ ጅቦን የምታሞኘው ጦጣ ወይም ቀበሮ ናት። እዚህ ማንም አላታለለውም። ሁለቱም ፍላጎቶቹ እውነተኛ ናቸው፤ ሥጋውም በሁለቱም በኩል አለ። ለእኔ ከጅብ ተረቶች ሁሉ የሚበልጠው በዚህ ነው።

ሌላው ምጸት ከአድማጩ ጋር ነው። የአምስት ዓመት ልጅ መፍትሔውን ከጅቡ ቀድሞ ያየዋል። «አንዱን ብላና ወደ ሌላው ሂድ!» ብሎ ይጮሃል። ጅቡ አይሰማውም።

አዲስ አበባ መሀል ከተማ ተረት ከምድጃ ዳር ወደ ስቱዲዮ የገባው ቀደም ብሎ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ፒያሳ ማዘጋጃ ቤት ሥራ ጀመረ። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ) በልጆች ዝግጅታቸው ትውልዶችን በተረት አሳድገዋል። የእንጦጦ ጅቦችም እስከ ዛሬ ሌሊት ወደ ከተማው ይወርዳሉ፤ ተረቱ ለሸገር ልጅ እንግዳ አይሆንበትም።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው ተረትና ምሳሌ ከዚህ ታሪክ ጋር ልክክ ይላል። ነገር ግን ተራኪው አስቀድሞ ከተናገረው ምጸቱ ይሞታል። «ተረት ተረት» ብሎ፣ «የላም በረት» ሲመለስለት ቀጥታ ወደ መንገዱ ይግባ። ጅቡ ወዲያና ወዲህ ሲል አይቸኩል። ልጆቹ የሚጮኹት እዚያ ላይ ነው፤ ይጩኹ።