የአምስት ነጥብ ጥያቄ ምንድን ነው?

መንዝ፣ የአያቴን የድንጋይ ቤት በስልኬ ዙሪያውን እያነሳሁ ነበር። ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። "ምን ጠፍቶህ ነው እንዲህ የምትዞረው?" አለችኝ። መልሱ ስለሚረዝም ሳቅ ብዬ አለፍኩ።

ከፎቶ 3ዲ ሞዴል ለመሥራት ኮምፒውተሩ መጀመሪያ እኔ የት የት እንደቆምኩ ማወቅ አለበት። የነገረው የለም። ያለው ፎቶው ብቻ ነው። ሁለት ፎቶ እንውሰድ። በሁለቱም ላይ በሩ ጥግ ያለችው፣ ሽበት የወረሳት ድንጋይ ትታያለች። ከየካሜራው ወደ እሷ ክር ብንዘረጋ ክሮቹ መገናኘት አለባቸው። ድንጋይዋ አንድ ናታ! ይህ አንድ እኩልዮሽ ይሰጠናል።

የማናውቀውስ? ሁለተኛው ካሜራ ከመጀመሪያው አንጻር እንዴት እንደዞረ፣ 3 ቁጥር። በየት አቅጣጫ እንደሄደ፣ 2 ቁጥር። የሌንሱ ልክ ከታወቀ እንግዲህ 5 ድንጋይ ይበቃል። የአምስት ነጥብ ጥያቄ የሚባለው ይህ ነው፤ ነጥቦቹ ድንጋዮቹ ናቸው።

ይበቃል፣ ግን መልሱ አንድ አይደለም። እኩልዮሾቹ ውስጥ ያልታወቁት ቁጥሮች እርስ በርስ ይባዛሉ። እንዲህ ያለው ስብስብ ስንት መልስ እንዳለው ሳይፈቱት መቁጠር የአልጀብራ ጂኦሜትሪ ሥራ ነው። ኦስትሪያዊው የሒሳብ ሰው ኤርዊን ክሩፓ እንደ ፈረንጆቹ በ1913 ቆጥሮ ቢበዛ 11 አለ። በ1980ዎቹ ሲጣራ አንዷ ትርፍ ሆና ተገኘች። 10 ናቸው። ሰባ ዓመት ገደማ ማንም ሳያባርራት ተቀምጣ ኖረች፤ ይቺን ታሪክ እወዳታለሁ። በ2004 ተመራማሪው ዴቪድ ኒስተር ጥያቄውን ዲግሪው 10 ወደሆነ አንድ ፖሊኖሚያል (ያልታወቀው አንድ ቁጥር ብቻ ሆኖ እስከ 10 ጊዜ በራሱ የሚባዛበት እኩልዮሽ) አውርዶ በፍጥነት የሚፈታበትን መንገድ አሳተመ።

ከ10ሩ አንዳንዶቹ ምናባዊ ቁጥር ይሆናሉ፤ በእውን የሚቆምበት ቦታ የላቸውም። ሌሎቹ ቤቱን ከካሜራው ጀርባ ያስቀምጡታል፤ ጉድ ነው። የተረፉትን ስድስተኛ ድንጋይ ይዳኛቸዋል።

ካብ ላይ ደግሞ ድንጋይ ሁሉ ይመሳሰላል፤ ኮምፒውተሩ አንዱን በሌላው ይሳሳታል። ስለዚህ አምስት አምስት እየመዘዘ እንደ ዕጣ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ብዙ ድንጋይ የሚስማማበትን መልስ ይይዛል። የሚመዘዘው ባነሰ ቁጥር ሁሉም ትክክል የመሆን ዕድላቸው ይሰፋል።

መጠን ግን በምንም አልጀብራ አይገኝም። የክብሪት ሳጥን የምታህል ቤት ከቅርብ ብትነሳ ፎቶዋ ያው ነው። አያቴን ምርኩዟን በሩ ላይ እንድታስደግፍልኝ ለመንኳት። ርዝመቱን ለክቼ ጻፍኩ።

"ቤቴን በምርኩዝ ልትለካው?" አለችና ሳቀች። "አያትህም ሲሠራው የለካው በክንዱ ነው።"