ብሪጅጌት፦ ቂም በትራፊክ ኮን ሲወጣ

ብሪጅጌት በአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት በ2013 የተፈጸመ የፖለቲካ በቀል መጠሪያ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። የአገረ ገዢው ሰዎች ቂም የያዙት በአንድ ከንቲባ ላይ ነበር። ቂማቸውን የተወጡት ግን ተማሪ ልጆችና ሥራ የሚገባ ሰው ላይ ነው።

ቦታው ፎርት ሊ ነው፤ ሃድሰን ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ። ወደ ማንሃተን የሚያሻግረው የጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ የሚነሳው ከዚያ ነው። በ1931 የተከፈተው ይህ ባለሁለት ፎቅ ድልድይ 14 መስመር አለው። በዓለም ላይ እንደ እሱ መኪና የሚበዛበት ድልድይ የለም ይባላል። የሚያስተዳድረው ፖርት ኦቶሪቲ የኒው ዮርክና የኒው ጀርሲ የጋራ መሥሪያ ቤት ነው። ሁለቱም አገረ ገዢዎች የየራሳቸውን ሰው ይሾሙበታል።

በላይኛው ፎቅ የክፍያ ጣቢያ ከነበሩት 12 መስመሮች ሦስቱ በየጠዋቱ ለፎርት ሊ መኪኖች ይለቀቁ ነበር። መለያቸው ግንብ ወይም አጥር አልነበረም፤ ሠራተኞች የሚደረድሩት ኮን፣ ማለትም ሾጣጣ የመንገድ ምልክት ነበር።

በዚያ ዓመት አገረ ገዢ ክሪስ ክርስቲ ለሁለተኛ ዘመን ይወዳደሩ ነበር። ሪፐብሊካን ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ፕሬዚዳንትነት ላይ ነበር። ስለዚህ በዴሞክራት ከንቲባዎችም መደገፍ ፈለጉ። የፎርት ሊው ማርክ ሶኮሊች ግን ድጋፋቸውን አልሰጡም። ኦገስት 13 ቀን የአገረ ገዢው ምክትል የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ብሪጅት አን ኬሊ ለፖርት ኦቶሪቲው ዴቪድ ዋይልድስቲን አጭር ኢሜይል ጻፉ፦ «ፎርት ሊ ላይ ትንሽ የትራፊክ ችግር የሚፈጠርበት ጊዜ ነው።» መልሱ «ገባኝ» የሚል ነበር።

ቀኑም ታስቦበት ተመረጠ፤ ሰኞ ሴፕቴምበር 9፣ ትምህርት የሚጀመርበት ዕለት። ኮኖቹ ተነሡና ለፎርት ሊ አንድ መስመር ብቻ ቀረላት። አንዷም የቀረችው የፖርት ኦቶሪቲው መሐንዲስ የመኪና ግጭት ፈርተው ስለመከሩ ነው። ለከንቲባውም ለፖሊስም የነገራቸው የለም። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ቆመ፣ አምቡላንስ ዘገየ። ከንቲባው ወደ ፖርት ኦቶሪቲው ምክትል ኃላፊ ቢል ባሮኒ ደጋግመው ቢደውሉም የሚመልስላቸው አጡ። አርብ ጠዋት መንገዱን ያስከፈቱት የኒው ዮርክ ተሿሚ የነበሩት ዋና ኃላፊ ፓትሪክ ፎይ ናቸው።

ሽፋኑ «የትራፊክ ጥናት» የሚል ነበር። ሽፋን ደግሞ ወጪ አለው፤ በተረፈችው መስመር ላይ ተተኪ ሆኖ የሚጠብቅ ትርፍ ገንዘብ ተቀባይ በኦቨርታይም ተመደበ። ይህን ገንዘብ ተቀባይ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ክርስቲ በኖቬምበር በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ኢሜይሎቹ አደባባይ የወጡት በጃንዋሪ 2014 ነው። ኬሊ በማግስቱ ተባረሩ። ክርስቲ አላውቅም አሉ፤ በወንጀልም አልተከሰሱም። ዋይልድስቲን ጥፋታቸውን አምነው በባልደረቦቻቸው ላይ መሰከሩ። ኬሊ ጥናቱን እውነት መስሎኝ ነበር ብለው ቢከራከሩም በ2016 ከባሮኒ ጋር ጥፋተኛ ተባሉ።

በሜይ 2020 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ፍርዱን ሻረው። ነገሩ እንዲህ ነው። ክሱ የቀረበው በፌደራል የማጭበርበር ሕግ ነበር፤ ሕጉ ደግሞ ገንዘብ ወይም ንብረት የመውሰድ ዓላማን ይጠይቃል። እዚህ ማንም ኪሱን አልሞላም። ዐቃቤ ሕግ ያቺን የኦቨርታይም ክፍያና የመሐንዲሶቹን ሰዓት እንደ ተወሰደ ንብረት ቆጥሮ አቀረበ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ኤሌና ኬገን ማታለሉም፣ ሙስናውም፣ ሥልጣንን ያለአግባብ መጠቀሙም አለ ብለዋል። ክፍያው ግን የሴራው ትርፍራፊ እንጂ ግቡ አይደለም አሉ።

ባሮኒ እስከዚያ ወራት ታስረው ነበር፤ ኬሊ ግን እስር ቤት አልገቡም። ኒው ጀርሲ ራሷ ሹም ሥልጣኑን ሲያባልግ የምትቀጣበት የወንጀል ሕግ አላት። በዚያ ሕግ አንድ ግለሰብ ክርስቲን ከሰው ነበር። የአካባቢው ዐቃቤ ሕግ በ2017 አልገፋበትም አለ።