የዓሣ ነባሪ ጉብኝት ምንድን ነው?

ዓሣ ነባሪዎችንና የባሕር ወፎችን በሚመገቡበትና በሚያልፉበት ባሕር ላይ፣ ሳይነኩና ሳያውኩ፣ ከጀልባ ሆኖ መመልከት የዓሣ ነባሪ ጉብኝት ይባላል። በክፍያ የሚደረገው ጉብኝት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1955 በካሊፎርኒያዋ ሳን ዲዬጎ ሲሆን፣ በየዓመቱ በብርድ ወራት ከአርክቲክ አካባቢ ወደ ሜክሲኮ የሚወርዱትን ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ለማየት የሚከፈለው አንድ ዶላር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አዳኞች እነዚህኑ እንስሳት እስከሚወልዱበት የሜክሲኮ ጥልቀት የሌለው ባሕር ድረስ ተከትለው በመፍጀት ለመጥፋት አቃርበዋቸው ነበር።

በየትኛውም ዳርቻ ጀልባ ስለተቀዘፈ ዓሣ ነባሪ አይገኝም፤ ምግብ ያለበትን ውኃ ማወቅ ያስፈልጋል። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ በሚገኘው የሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ፣ ከሞስ ላንዲንግ ወደብ ደጃፍ የሚጀምር የባሕር ውስጥ ሸለቆ ቁልቁል ከ3,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። በተለይ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስና የምድር መሽከርከር ተባብረው የላይኛውን ውኃ ከዳርቻው ሲያርቁት፣ ቀዝቃዛና በንጥረ ነገር የበለጸገ ውኃ ከጥልቁ ወጥቶ ይተካዋል። በዚያ ውኃ በዓይን የማይታዩ ዕፀዋት ይራባሉ፤ እነርሱን የሚመገበውን ክሪል የተባለ ሽሪምፕ መሰል ፍጥረት ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ይመገበዋል፤ ሃምፕባክ የሚባለው ዓሣ ነባሪ ደግሞ ክሪሉንም ሆነ አንቾቪ የተባለውን ትንሽ ዓሣ ሳይመርጥ ይበላል።

ልምድ ያለው ካፒቴን ብዙ ጊዜ የሚከተለው ወፎቹን ነው። ጥቁር ቡናማ መልክ ያላቸው ሺርዋተሮች ከኒውዚላንድና ከቺሊ ደሴቶች ተነሥተው በዓመት እስከ 64,000 ኪሎ ሜትር ሊበርሩ ይችላሉ፤ በሺዎች ሆነው አንድ ቦታ ላይ ከወረዱ ከሥራቸው የዓሣ መንጋ አለ ማለት ነው። የተሳደዱት አንቾቪዎች ወደ ላይ ሲዘሉ ውኃው እንደ ፈላ ድስት ይንተከተካል፤ ወዲያው ሃምፕባኩ አፉን ከፍቶ ብቅ ሲል የጉሮሮው ሽንሽን ቆዳ ተነፍቶ ይታያል፤ ትንፋሹ ወደ ጀልባው ከነፈሰ ደግሞ የበሰበሰ ዓሣ ሽታ አለው። አልባትሮስ የተባለውን ትልቅ የባሕር ወፍ ለማየት ግን ከዳርቻው ራቅ ማለት ይበጃል፤ ጨጓራው በማዕበል የሚታወክ ሰው አስቀድሞ ቢያስብበት መልካም ነው።

ሞንተሬይ እ.ኤ.አ. በ1992 ብሔራዊ የባሕር ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የአሜሪካ የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግም መግደልን ብቻ ሳይሆን ማወክን ጭምር ይከለክላል። ጀልባ ከዓሣ ነባሪ ቢያንስ 91 ሜትር እንዲርቅ፣ ከፊት ለፊቱ እንዳይገባ፣ እናትንና ግልገልን እንዳይለያይ ይመከራል፤ እንስሳው ራሱ ከቀረበ ደግሞ ሞተሩ ጀልባውን መግፋቱን ያቆማል። በእኔ አስተያየት ጉብኝትን ከማሳደድ የሚለየው ይህ ነው፤ በአንድ ዓሣ ነባሪ ዙሪያ ብዙ ጀልባዎች ሲከማቹ እያንዳንዳቸው ርቀታቸውን ቢጠብቁ እንኳ የሞተሮቹ ጩኸት ተደምሮ እንስሳውን ያውካል። የዋሽንግተን ግዛት በድምፅ እየታገዙ ሳልመን ዓሣ የሚያድኑትን የአካባቢውን ኦርካዎች (ገዳይ ዓሣ ነባሪ የሚባሉትን) ለመጠበቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ጀልባዎች ከ900 ሜትር በላይ እንዲርቁ ያስገደደው ለዚህ ነው።

ጎብኚው ግን ተመልካች ብቻ ሆኖ አይቀርም። በሃምፕባክ ጅራት የታችኛው ገጽ ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ መልክ እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ ተሳፋሪዎች ያነሡትን ፎቶ ሃፒዌል ለተባለው ድርጅት ሲልኩ አንዱ እንስሳ በየት በየት እንደተጓዘ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 በካሊፎርኒያ ዳርቻ በሸርጣን ማጥመጃ ገመድ የሚተበተቡ ዓሣ ነባሪዎች በበዙበት ጊዜም ብዙዎቹን ያዩትና ያስታወቁት በባሕር ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ግዛቲቱ ዓሣ ነባሪዎች በብዛት ባሉበት ወቅት የሸርጣን ማጥመድ ሥራን ታዘገያለች። የተተበተበ እንስሳ ያየ ጀልባ ገመዱን በራሱ ለመቁረጥ አይሞክርም፤ ርቀቱን ጠብቆ ለባሕር ጠባቂዎች በሬዲዮ ያሳውቃል፣ የሠለጠኑት ሠራተኞች እስኪደርሱም ቦታውን እንዳይጠፋ በዓይኑ ይከታተላል።