የፍሳሽ ውሃ ማጣራት ምንድን ነው?

የፍሳሽ ውሃ ማጣራት ማለት ከመኖሪያ ቤቶች፣ ከተቋማትና ከፋብሪካዎች አገልግሎት ሰጥቶ የሚወጣው ውሃ ወደ ወንዝ ከመለቀቁ ወይም ዳግም ጥቅም ላይ ከመዋሉ በፊት የተሸከመውን ቆሻሻ ማስወገድ ነው። ከቤት የሚወጣ ፍሳሽ ከ99 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ ችግር የሚፈጥረው ዓይነ ምድር፣ ቅባት፣ ሳሙናና በሽታ አምጪ ተሕዋስያን የሚገኙበት ጥቂቱ ቀሪ ክፍል ነው።

ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ ባክቴሪያዎች በውስጡ ያለውን ብስባሽ ይመገባሉ፤ ይህን ሲያደርጉ ግን በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ስለሚያሟጥጡት ዓሦች ታፍነው ይሞታሉ። ለዚህም ነው የፍሳሽ ብክለት መጠን ከሚታወቅባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ናሙናን በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ5 ቀናት አቆይቶ ባክቴሪያዎቹ የፈጁትን ኦክስጅን መለካት የሆነው።

ማጣሪያ ጣቢያ ይህንኑ የባክቴሪያዎች ሥራ ወንዙ ሳይጎዳ በገንዳ ውስጥ ያስፈጽማል። ጨርቅና ፕላስቲክ በወንፊት ይያዛል፣ አሸዋውና ደለሉ ይዘቅጣል፤ ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። በውሃው ውስጥ የሟሟው ቆሻሻ ግን አየር በሚነፋበት ገንዳ ውስጥ ለሚራቡ ባክቴሪያዎች ይተዋል፤ እነርሱም ከተመገቡት በኋላ እርስ በርስ ተጣብቀው በቀጣዩ ገንዳ ይዘቅጣሉ። ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ አርደርንና ዊልያም ሎኬት እ.ኤ.አ. በ1914 በእንግሊዟ ማንቸስተር ከተማ ይፋ ያደረጉት ዘዴ ብልሃቱ ይህን ዝቃጭ ባለመጣል ላይ ነው፦ አብዛኛው ወደ አየር ገንዳው ስለሚመለስ፣ ውሃው ለሰዓታት ብቻ ሲቆይ ባክቴሪያዎቹ ግን ለቀናት እየሠሩ ይቆያሉ። አየር መንፋቱም ብዙውን ጊዜ ከጣቢያው ሥራዎች ሁሉ ከፍተኛውን ኤሌክትሪክ ይወስዳል።

ከዚህ የሚወጣው ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም በዓይን መፍረድ አይገባም። የቀረው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በሐይቅ ላይ አልጌ ያበዛል፤ ጀርሞቹም በክሎሪን ወይም በአልትራቫዮሌት ጨረር መገደል አለባቸው። ማጣራቱ ከዚያም አልፎ ሲሄድ ውሃው ለመጠጥ ይበቃል፤ የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ይህንኑ ታደርጋለች።

ብዙም የማይነገርለት ትርፍ ዝቃጩ ነው። አየር በማይገባበት ጋን ሲብላላ ሜቴን የሚበዛበት፣ ለማገዶ የሚሆን ጋዝ ይሰጣል፤ የደረቀውም ለማዳበሪያነት ሊውል ይችላል፤ ይሁን እንጂ ከፋብሪካ የመጣ እንደ ሜርኩሪ ያለ ከባድ ብረት ካለበት ባክቴሪያ ሊያጠፋው ስለማይችል ከዝቃጩ ጋር አብሮ ይቀራል።