የድሮ የፖሊስ መኪና የጣሪያ መብራቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዕለት ሥራዬ ደብረ ብርሃን ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ መጠገን ሲሆን፣ ትርፍ ጊዜዬን የሚወስዱት ግን ከአገልግሎት የወጡ የፖሊስ መኪና የጣሪያ መብራቶች ናቸው። አብዛኞቹ አሜሪካ ሠራሽ ናቸው፤ ወደ እኔ ሲደርሱም ባለቤቶቻቸው ብይን ሰጥተውባቸው ይደርሳሉ። ከምሰማቸው ብይኖች ብዙዎቹ ስህተት ናቸው።

«የሚብለጨለጨው አምፖሉ እየጠፋ እየበራ ነው።» በሚሽከረከሩት የድሮ መብራቶች ላይ ይህ አይሠራም። ቢኮን ሬይ የተባለው የአሜሪካው ፌደራል ሲግናል ኩባንያ መብራት ከወጣበት ከ1940ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ አምፖሉ ሳይቋረጥ ይበራል፤ የሚዞረው አንጸባራቂው፣ ወይም አምፖሎቹን የተሸከመው ሳህን ነው። ሳህኑ በደቂቃ 90 ጊዜ ቢዞርና ሁለት አምፖሎች ጀርባ ለጀርባ ቢቀመጡበት፣ ቆሞ የሚመለከት ሰው 180 ብልጭታ ያያል። ይህን ሳይገነዘቡ በመስመሩ ላይ የፍሬቻ ሪሌ (ፍሬቻን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) የሚያስገቡ ሰዎች ሞተሩን እየቆረጡ እየቀጠሉ ያንገላቱታል እንጂ መብራቱን አያሻሽሉትም።

«ሞተሩ ተቃጥሏል።» ከሁሉም አብዝቼ የምሰማው ይህን ነው፤ እውነት ሆኖ የማገኘው ግን ከስንት አንዴ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ያለምንም ችግር ሲዞር የነበረ መብራት ወደ እኔ መጥቶ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ጠዋት አልነቃነቅ ብሎኝ ያውቃል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,300 ሜትር በታች ቆላ ነው፤ ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚጥልባት ከተማ ናት፤ ለዐሥርተ ዓመታት ሳይነካ የቆየ ግራሶም በዚህ ብርድ እንደ ሰም ይጠነክራል። ስለዚህ ሞተሩን ከመኮነን በፊት ከማርሽ ጥርሶቹ አላቅቆ ለብቻው 12 ቮልት መስጠትና የሚስበውን አምፔር መለካት ይገባል፤ ብቻውን በቀላሉ ከዞረ በሽታው ያለው ኩሽኔታውና ጥርሶቹ ላይ ነው። የብረት ክፍሎቹን በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ፣ ቀጭን ግራሶ በጥቂቱ መቀባት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። አምፖሎቹ አብረው በሚዞሩባቸው ዓይነቶች ላይ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ወደሚዞረው ክፍል የሚያልፈው በካርቦንና በመዳብ ቀለበት በኩል ስለሆነ፣ ቀለበቱ ሲጠቁር ወይም ካርቦኑ ሲያልቅ አምፖሉ ይንቀጠቀጣል፤ ጥፋቱም ያለ አግባብ በሞተሩ ይላከካል። ቀለበቱን በአልኮልና በጣም ልስልስ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት እንጂ በብረት ሱፍ መፈተግ አይገባም፤ የሱፉ ቁርጥራጭ ውስጥ ቀርቶ ሾርት ያደርጋል።

«አምፖሉ ስላረጀ ደብዝዟል።» አዲስ አምፖል ገዝተው ያው ደብዛዛ ብርሃን የጠበቃቸው ሰዎች ይህን በኪሳራ ተምረውታል። ሒሳቡ እንዲህ ነው። እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑ 4 የሃሎጂን አምፖሎች በ12 ቮልት 18 አምፔር ገደማ ይስባሉ። ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በየሜትሩ 0.012 ኦም ገደማ ስለሚቃወም፣ ከባትሪው እስከ ጣሪያው 5 ሜትር ሄዶ 5 ሜትር ሲመለስ 2 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ያስቀራል፤ የሃሎጂን ብርሃን ደግሞ ከቮልቱ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ስለሚወርድ፣ በ10 ቮልት የሚሠራ አምፖል የሚሰጠው ከሙሉ ብርሃኑ ግማሽ ያህሉን ነው። ሽቦው 6 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን ኪሳራው ከ0.6 ቮልት በታች ይወርዳል። «የጣሪያው ብረት ማሳ (የኤሌክትሪክ መመለሻ) ይሆናል» የሚለው ልማድም ከዚሁ ኪሳራ ይደመራል፤ ቀለምና ዝገት ባሉበት፣ አሉሚኒየምም ከብረት ጋር በተጋጠመበት ቦታ ማሳ አይታመንምና ራሱን የቻለ የመመለሻ ሽቦ መዘርጋት ይሻላል።

ፊውዝን በተመለከተ አጭር መልስ አለ፦ የሚጠብቀው አምፖሉን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ስለዚህ ቦታው ከባትሪው ከአንድ ስንዝር ብዙም ሳይርቅ ነው፤ መብራቱ ሥር የተቀመጠ ፊውዝ፣ ከባትሪው እስከ እርሱ ያለው ሽቦ ተልጦ ቦዲውን ቢነካ ምንም አያድንም።

«ነጭ ኤልኢዲ ብናስገባበት ይበልጥ ይደምቃል።» አንጸባራቂው የተቀረጸው ለቀጭኑ የሃሎጂን ክር ነው፤ ብርሃኑ ከዚያች ነጥብ ካልወጣ ጨረሩ ይበተናል። በተጨማሪ ነጭ ኤልኢዲ በውስጡ ያለው ቀይ ብርሃን ትንሽ በመሆኑ፣ ከቀይ ክዳን ሥር ሲገባ አብዛኛው ብርሃኑ እዚያው ይቀራል። የግድ ከሆነ ቀለሙ ከክዳኑ ጋር አንድ ይሁን። እኔ ግን ለድሮ መብራት ሃሎጂኑን እመርጣለሁ፤ ሙቀት ባለው ብርሃኑ ካልበራ የድሮ መልኩን አላይበትም።

«ክዳኑን በቤንዚን ቢያጥቡት ይጠራል።» ቤንዚን፣ ቲነርና አሴቶን ፕላስቲኩን ውስጥ ለውስጥ ይሰነጣጥቁታል፤ ጉዳቱም አንዳንዴ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው። ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ታጥቦ፣ በውኃ በራሰ 1000፣ ከዚያም 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ በፖሊሽ ይጨረሳል።

«12 ቮልት ሰው አይጎዳም።» ለሚሽከረከሩት መብራቶች በአመዛኙ እውነት ነው። በውስጣቸው የዜኖን ቱቦ ያለባቸው ብልጭ የሚሉ መብራቶች ግን 12ቱን ቮልት ወደ መቶዎች ቮልት ያሳድጉና በካፓሲተር ያከማቹታል፤ ባትሪው ከተነቀለ በኋላም ክምችቱ ይቆያል። ካፓሲተሩ በተቃዋሚ (ሬዚስተር) ባዶ መደረጉን በመለኪያ ሳያረጋግጡ እጅን ማስገባት ክልክል ነው።

በመጨረሻ፣ በጣርማ በር በኩል የሚመላለስ አንድ የዶልፊን ሹፌር «ሰማያዊ መብራት ጉሙን ይሰነጥቃል» ብሎ አንዱን እንድገጥምለት ጠይቆኝ ነበር። የጉም ጠብታዎች ከብርሃን ሞገድ ብዙ ጊዜ ስለሚተልቁ ቀዩንም ሰማያዊውንም በእኩል ይበትናሉ፤ ጣሪያ ላይ የሚሽከረከር መብራት ደግሞ የራሱን ጨረር ወደ ሹፌሩ ዓይን ይመልሳል። ከዚያም በላይ ይህ መብራት ሌሎች መንገድ እንዲለቁ የሚያዝ የፖሊስና የአምቡላንስ ምልክት ነው፤ ግለሰብ በመንገድ ላይ ሊያበራው አይገባም። ለእርሱ የሠራሁለት ዝቅ ያለውን የፊት መብራቱን ማስተካከል ብቻ ነበር፤ ያየው ሰማያዊ መብራት እስካሁን በሥራ ቦታዬ መደርደሪያ ላይ ከአሮጌ ባትሪ ጋር ተያይዞ ይሽከረከራል።