በተሳቢ ጎማ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች

«0817 ይላል፤ የ2017 ነው፣ ገና ትኩስ ነው» ብሎ በርካሽ የገዛ ሰው ሰሞኑን ስላጋጠመኝ፣ ብዙዎቻችሁም ይህንኑ ስለምትጠይቁ ላስረዳ።

በጎማው ጎን «ዲ.ኦ.ቲ.» (DOT) ከሚለው ጀምሮ የሚሄደው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ዘመኑ ግን የፈረንጅ ነው! 0817 ማለት በ2017 8ኛው ሳምንት፣ በእኛ የካቲት 2009 የተመረተ ነው። ስምንት ዓመት ልዩነት አለው።

ቁጥሩ ካልታያችሁ የለውም አትበሉ። ሙሉው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚታተም ወደ ውስጥ ዞሮ ይሆናል፤ ባትሪ ይዛችሁ ከሥር ግቡ።

ጥርሱ ሙሉ መሆኑ አያታልላችሁ፣ ላስቲክ መጋዘን ተቀምጦም ያረጃል። ጎኑን በአውራ ጣት ጫን ስትሉት ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ከታዩ ተዉት።

ስንት ዓመት ያገለግላል ለሚለው አንድ መልስ የለም። ብዙ አምራቾች ከ10 ዓመት በላይ እንዳይነዳ ይመክራሉ፤ የአዋሽ–ሚሌ ሙቀት፣ ከልክ ያለፈ ጭነትና የንፋስ ማነስ ግን ዕድሜውን በጣም ያሳጥሩታል። ርካሽ ስለሆነ ብቻ ጎማው መጥፎ ነው አልልም። እኔ ግን ስድስት ዓመት ያለፈውን ለተሳቢ አልገዛም፤ ከኋላ አንዱ ሲፈነዳ ሾፌሩ ቶሎ ላይሰማው ይችላል፣ የሱም ጭነት በሙሉ አብሮት በተጣመደው ጎማ ላይ ይወድቃል።